ሰው ለሌለው «ሰው» የሚሆን ቢሮ

ሥራ ፍለጋ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይደርሰዋል፦ «እዚያ ቤት ሰው አለህ?»

ጥያቄው ያናድዳል። ስንት ዓመት ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ጭራሽ ሰው ልፈልግ? ግን ንዴቱን ትንሽ እናቆየውና ነገሩን እንየው። «ሰው ያለው» ተመራቂ ሁልጊዜ በጓሮ በር አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ቦታው ሊከፈት መሆኑን ማስታወቂያ ሳይወጣ ይሰማል። ሲቪውን የሚያነብለት አጎት አለው። «ስለ ደመወዝ ቀድመህ አንተ እንዳትጠይቅ» የምትለው ታላቅ እህት አለችው። ገና ሁለተኛ ዓመት እያለ «ይህን ኮርስ ለማለፍ ብቻ አትማረው፣ መሥሪያ ቤት ስትገባ የምትፈለግበት እሱ ነው» ያለው ሰው አለ። አንዱም ነውር የለበትም። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው በሁሉም ቤት አለመኖሩ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የሙያ ምክር ቢሮ፣ ተማሪው «ካሪየር ሴንተር» የሚለው ማለት ነው፣ ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ሰው ለሌለው ሰው መሆን ነው። ሲቪ ማስተካከሉ፣ የልምምድ ቃለ መጠይቁ፣ ቀጣሪዎችን ግቢ ድረስ መጋበዙ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቢሮው ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውንም በዚሁ ብንመዝነው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎቹን ከቀጣሪ የሚያገናኝ ኮሚቴ ያቋቋመው በ1892 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1908 ደግሞ ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ ቦስተን ከተማ ውስጥ ለወጣቶች የሙያ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፈተ። ሰውዬው ራሱ ኢንጂነር፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ መምህርና ጠበቃ ሆኖ ያየ ነው። ሙያ መቀያየር ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር። ምክሩ ሦስት ነገር ነበር፦ ራስህን እወቅ፣ የሥራውን ዓለም እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝተህ አስብ። ቢሮውን በከፈተበት ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው በማግሥቱ ዓመት ነው። ዛሬም የሙያ አማካሪዎች የሚያደርጉት ሲገለጥ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙም አይርቅም።

ግን «ራስህን እወቅ» ሲባል ቀላል ይመስላል። በተግባር ምን እንደሚመስል እንየው።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ቢሮው ገባች እንበል። የምትማረው አካውንቲንግ ነው። ሲቪዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ገጽ ነው፣ ግማሹ ባዶ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር «የለም» ተብሎ ተጽፏል። ከታች ደግሞ «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫና የምቋቋም» ይላል። አማካሪዋ አንብባ ትጨርስና ቀና ትላለች።

«ባለፈው ዓመት ከክፍል ውጪ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ምንም። የተማሪዎች ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። እሱ ግን ሥራ አይደለም።»

«ስንት አባል ነበራችሁ?»

«መቶ ሃያ ገደማ።»

«መዋጮውን እንዴት ነበር የምትመዘግቢው?»

«መጀመሪያ ደብተር ላይ ነበር። ሰው ከፍያለሁ ይላል፣ ደብተሩ ላይ የለም፣ ጭቅጭቅ ነው። በኋላ ኤክሴል ላይ አደረግኩት። ደረሰኙንም በቁጥር አደረግኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጭቅጭቁ ቀረ። ዓመቱ ሲያልቅም ሒሳቡ ከባንኩ ጋር ልክ መጣ።»

«ታዲያ ይሄ ሲቪሽ ላይ የት አለ?»

ልጅቷ ዝም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «የለም» የሚለው ቃል ጠፍቶ በቦታው ይህ ገብቷል፦ «የ120 አባላትን መዋጮ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬ፣ ደረሰኞችን በተከታታይ ቁጥር አደራጅቼ፣ የዓመቱን ሒሳብ ከባንክ መግለጫ ጋር አመሳክሬ አስረክቤያለሁ።» «ታታሪ» የሚለውም ተሰርዟል። ታታሪ ነኝ የማይል አመልካች የለምና ቀጣሪው በዚያ ቃል ምንም ማድረግ አይችልም። በዚህኛው ዓረፍተ ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል።

አንድም ነገር አልተፈጠረም፣ አልተጋነነምም። ልጅቷ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተማረችው አዲስ ሙያ የለም። ያወቀችው አንድ ነገር ነው፤ የሠራችው ነገር በሥራው ዓለም ስም አለው። ሒሳብ ማስታረቅ ይባላል። አባቷ ኦዲተር ቢሆን ኖሮ ይህን ማታ ቤት ውስጥ ትሰማው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግን ለእኔ ከሲቪው ይበልጣል። አማካሪዋ ለጀማሪ አካውንታንት የወጡ አምስት ማስታወቂያዎችን አውጥታ «እነዚህን አንብቢና የማትችይውን አስምሪበት» አለቻት። አራቱ ላይ አንድ ዓይነት የሒሳብ ሶፍትዌር ተጠቅሷል። ልጅቷ ስሙን ሰምታለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ሦስተኛ ዓመት ስለሆነች ገና አንድ ዓመት አላት፤ ልትማረው ትችላለች። ይኸው ውይይት ከምረቃ በኋላ ቢደረግ ኖሮ ምክር መሆኑ ቀርቶ ለቅሶ መድረስ ይሆን ነበር።

ብዙ ቢሮዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪውም ጭምር። የቢሮው በር ላይ ሰልፍ የሚታየው ምረቃ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ያን ጊዜ ሊደረግ የሚችለው ወረቀት ማሳመር ብቻ ነው። ኮርስ መምረጥ፣ የክረምት ሥራ መያዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍን ሊቀጠሩበት ከሚፈልጉት መስክ ጋር ማገናኘት፣ ሁሉም ቀደም ብሎ የሚሠራ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ አንዴ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዴ ብቅ ያለ ተማሪ መጨረሻ ላይ አሥር ጊዜ ከሚመላለሰው ይበልጥ ይጠቀማል።

ስለ ሲቪ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ኢንተርኔቱ በሲቪ ምክር ተጥለቅልቋል፣ ግማሹም ሰው ማስፈራሪያ ነው። «ከመቶ ሰባ አምስቱን ሲቪ ኮምፒውተር ነው የሚጥለው» የሚል ወሬ ለምሳሌ ዓመታት ዞሯል። ተከታትላችሁ ምንጩን ብትፈልጉ ግን አንዱ ሌላውን ሲጠቅስ ነው የምታገኙት። ትላልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚያደራጅ ሶፍትዌር እንዳላቸው እውነት ነው። እውነተኛው ጠባብ በር ግን የሰው ዓይን ነው። ዘ ላደርስ የተባለ የሥራ ድረ ገጽ በ2012 የቀጣሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ሲከታተል፣ አንድን ሲቪ መጀመሪያ የሚያዩት 6 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። እና የቢሮው ሥራ ቀላል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዋናው ነገር መኖሩን ማየት። ባለቀለም ሣጥንና የኮከብ ምልክት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ቃለ መጠይቅም እንደዚሁ ነው። የልምምድ ቃለ መጠይቅ ብዙ ቦታ ይሰጣል። አንዳንዱ ግን «ዓይን ለዓይን ተያይ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ፈገግ በል» ከሚለው አያልፍም። እሱን እናትም ትመክራለች። በሠራተኛ ምርጫ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደማመሩ የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ አስቀድሞ በተዘጋጀ መለኪያ የሚታረምበት ቃለ መጠይቅ፣ እንደመጣ ከሚደረግ ጭውውት ይልቅ ማን ሥራውን በደንብ እንደሚሠራ ይተነብያል። በ2022 የወጣ የጥናቶች ዳግም ግምገማም ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ አንደኛ አድርጎታል። ስለዚህ በደንብ የተደራጀ ቀጣሪ ዘንድ የሚገባ ተማሪ «የተበላሸ ነገር ያስተካከልክበትን ጊዜ ንገረን» የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። «እኔ በባህሪዬ ችግር ፈቺ ነኝ» ብሎ የሚጀምር መልስ እዚያ ነጥብ አያገኝም። ጥሩ አማካሪ እዚያው ላይ ያስቆማል። መቼ ነው? ችግሩ ምን ነበር? አንተ ራስህ ምን አደረግክ? ከዚያ ምን ሆነ? አራቱን ሳይንተባተብ እስኪመልስ ሦስቴም አራቴም ይደጋግመዋል። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ኢንተርንሺፕን በአጭሩ ልለፈው፣ ጥቅሙ ብዙም የሚያከራክር አይደለምና። ኸርማን ሽናይደር የተባለ መምህር ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች በፈረቃ ክፍልና ፋብሪካ እንዲመላለሱ ያደረገው በ1906 ነው። መነሻው ግልጽ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ብቻ የማይገኝ ዕውቀት አለ። የሚያከራክረው ክፍያው ነው። ቢሮው የሚያስተዋውቃቸው ምርጥ የልምምድ ቦታዎች ክፍያ የሌላቸው ከሆኑ፣ ሦስት ወር በነፃ ለመሥራት አቅም ያለው ብቻ ይወስዳቸዋል። ያ ደግሞ ድሮም ሰው ያለው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ድካም ሥራ ይፈጥራል?

አይፈጥርም። መቀጠር የሚያስችል ብቃትና መቀጠር አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ቢሮ ተማሪውን ያታልላል። ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የተመረቀ ልጅ ሲቪው የቱንም ያህል ቢያምር ይጎዳል። በካናዳ ተመራቂዎች ላይ የተሠራ፣ በ2012 የታተመ ጥናት በድቀት ወቅት መመረቅ የሚያስከትለው የገቢ ጉዳት ሙሉ በሙሉ እስኪደበዝዝ አሥር ዓመት ያህል እንደሚወስድ አሳይቷል። አድልዎም አለ። በ2004 የታተመ የታወቀ ሙከራ ላይ ተመራማሪዎች ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ 5,000 ያህል የፈጠራ ሲቪዎች ላኩ። ስሞቹን ግማሾቹ ላይ የነጭ፣ ግማሾቹ ላይ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስሉ አደረጓቸው። የነጭ ስም ያላቸው 50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። ይህን የትኛውም አማካሪ አርሞ አያስተካክለውም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገው ሙከራ ነው። ከ30 ዓመት በታች የሆኑ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ሥራ ፈላጊዎች ነበሩ። በ235 አካባቢዎች፣ በዕጣ ለአንዳንዶቹ ጠንከር ያለ የሥራ ፍለጋ ድጋፍ ተሰጠ፣ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ዘዴኛው ነገር፣ የሚደገፉት ቁጥርም ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ተደረገ። ከስምንት ወር በኋላ የተደገፉት ቋሚ ሥራ በማግኘት በለጡ። እስከዚህ ደስ ይላል። ግን ጥቅሙ እየቆየ ደበዘዘ። ብዙ ሰው በተደገፈበት አካባቢ ደግሞ ያልተደገፉት ወደ ኋላ ቀሩ። ሥራው ያው ነው፤ ወረፋው ነው የተቀያየረው። ጥናቱ በ2013 ታትሟል።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ታዲያ ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔ ግን ነገሩን የማየው ከሌላ ጎን ነው። ድጋፉ ወረፋ የሚያቀያይር ከሆነ፣ ዋናው ጥያቄ ማን ወደ ፊት እየመጣ ነው የሚለው ነው። ወረፋው መጀመሪያውኑም በትክክል የተያዘ አልነበረም፤ ሰው ያላቸው ቀድመው ቆመውበታል። ቢሮው ብቃት ኖሯቸው ሰው የሌላቸውን ወደ ፊት ካመጣ፣ ቀጣሪውም የተሻለ ሰው ያገኛል፣ ነገሩም ይስተካከላል። ቀድሞውንም ፊት የነበረውን ልጅ ሲቪ ካሳመረ ግን ያንኑ ክፍተት በዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አሰፋው ማለት ነው።

እና ወደ ቢሮው የሚሄደው ማን ነው? ማንም ሳያስገድደው በራሱ የሚሄደው በአመዛኙ የተደራጀ፣ መጠየቅ የማያስፈራው ልጅ ነው። ቤቱ ውስጥ «ሄደህ ጠይቃቸው» ያለው ሰው አለ። ያ ሰው የሌለው ልጅ ቢሮው የት ሕንፃ ላይ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል። መፍትሔው ፖስተር መለጠፍ አይመስለኝም። ቢሮው ወደ ክፍል ይግባ። ሲቪ መጻፍ የአንድ ኮርስ የቤት ሥራ ሆኖ ነጥብ ይያዝበት። የልምምድ ቃለ መጠይቅ ሁሉም የሚያልፍበት ይሁን። ያን ጊዜ የሚያፍረውም ይደርሰዋል።

«ከተመራቂዎቻችን 90 በመቶ ሥራ ይዘዋል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩም ቶሎ አትደሰቱ። መጠይቁን የሞሉት ስንቶቹ ናቸው? ሥራ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ቅጽ መሙላት ደስ አይለውም፤ ዝም ይላል። ሥራው ከተማሩት ጋር ይገናኛል? በስድስት ወር ነው ወይስ በሁለት ዓመት የተለካው? እነዚህን የማይመልስ ቁጥር ጌጥ ነው።

ርካሽ ሆነው የሚሠሩ ነገሮችም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሥራ አጥ ወጣቶች ላይ ሁለት ሙከራዎች ተደርገዋል። በአንደኛው ወጣቶቹ ከቀድሞ አሠሪያቸው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈው ከማመልከቻቸው ጋር እንዲያያይዙ ተደረገ። ከቀጣሪ የሚመጣላቸው ጥሪ በ60 በመቶ ጨመረ። በሁለተኛው ደግሞ ቁጭ ብለው የሥራ ፍለጋ ዕቅድ እንዲጽፉ ብቻ ተደረገ። የሚልኩት ማመልከቻ በ15 በመቶ፣ ተቀጥረው የተገኙት ቁጥር በ26 በመቶ ከፍ አለ። የፍለጋው ሰዓት ግን አልጨመረም። ደብዳቤና አንድ ገጽ ዕቅድ። ይህን ለመሥራት አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።

እኔ ቢሮው ብዙ ጊዜውን ቢያፈስስበት የምለው ግን የቀድሞ ተማሪዎችን ነው። ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር፦ ወሬውን የነገራችሁን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር? «ብዙ ጊዜ» ያሉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነው የነገራቸው። ሲያስቡት ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አንድ ላይ ነው የምትውሉት። አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለ ሰው ነው። ሊንክድኢን በተባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ ላይ 20 ሚሊዮን ሰዎችን ያካተተ፣ በ2022 የታተመ ሙከራም ወደዚያው ያደላል፤ ይበልጥ የጠቀመው መጠነኛ ትውውቅ ነው፣ የጠበቀ ዝምድና አይደለም።

ለቢሮው ይህ ትልቅ ዜና ነው። እናት አባት መሆን አይጠበቅበትም። ራቅ ያለ ትውውቅ ማበደር ይበቃዋል፤ እሱ ደግሞ በእጁ አለ። ባለፉት አሥር ዓመታት ከዚያው ክፍል የተመረቁ፣ አሁን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ዝርዝር ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ ወይም ሊኖረው ይገባል። ከእነሱ መካከል ለአንድ ተማሪ 20 ደቂቃ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑትን ለይቶ መያዝ ነው ሥራው።

ወደ አካውንቲንጓ ልጅ ልመለስ። አማካሪዋ የሦስት የቀድሞ ተማሪዎችን አድራሻ ሰጠቻት እንበል። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው መልእክት «እባክዎ ሥራ ካለ ይርዱኝ» የሚል ነበር። አማካሪዋ አስቆመቻት። ሥራ ስጠኝ የተባለ ሰው የሚሰጠው ከሌለው መልስ መስጠት ይከብደዋል። አብረው እንዲህ አድርገው ጻፉት፦ «ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ከተመረቁበት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ዓመት ሥራዎ ላይ ክፍል ውስጥ ያልተማሩት የትኛው ነገር እንዳስቸገረዎ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል፤ በሚመችዎ ቀን እደውላለሁ።»

ሁለቱ አልመለሱም። ሦስተኛዋ በአምስተኛው ቀን መለሰች፦ «ሐሙስ ከሰዓት ደውዪልኝ። ያን ሶፍትዌር ከፍተሽ የምታውቂ ከሆነም ንገሪኝ፤ ካልሆነ ከእሱ እንጀምራለን።»